መርዶ የሌለበት የሕግ መጽሐፍ

የምመራው ጨዋታ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ አንድ ነው፤ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን አብረን የምንፈጥረው ተረት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ። መሪው «ከፊታችሁ የሞላ ወንዝ አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ እነሱም ያሰቡትን ይናገራሉ። ይሳካል አይሳካም የሚለው ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። የሉዶውን ዳይስ ይመስላል፣ ግን ሃያ ገጽ አለው። ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል፣ ትንሽ ከወጣ ይከሽፋል። ይኸው ነው። የቀረው ሁሉ፣ ያ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ጭምር፣ የጠብ ምክንያት ነው።

አራት ነበርን። እኔ በአዘቦት ቀን ኢንሹራንስ ቢሮ የካሳ ጥያቄ እመረምራለሁ፤ ማን ማንን ገጨ፣ ማን ፍሬን ያዘ፣ ማን ይዋሻል ስል እውላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የጨዋታው መሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ሶፍትዌር ይሠራል፤ የሕግ መጽሐፉን ለሥራ ናይሮቢ ሄዶ ሲመለስ ይዞት የመጣው እሱ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ያነበበውም እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛዋ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያ ናት። አራተኛው ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤታችን ጀርባ፣ የሴራሚክና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ነው። እሱን የጠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ለመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ልገዛ ገብቼ፣ ስለዚያ ቧንቧ አመጣጥ የሚገርም ታሪክ አወራኝ፤ ይህ ሰው ከጠረጴዛችን መቅረት የለበትም ብዬ ወጣሁ።

አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት የተለያየ ጨዋታ ነበር የሚጫወቱት። ወንድሜ ለማሸነፍ ነው የሚመጣው። የእሱ ሰው ጎራዴ ታጣቂ ጠባቂ ነበር፤ የጎራዴው ክብደት፣ የጋሻው ውፍረት፣ በስንት እርምጃ ማን ዘንድ እንደሚደርስ ሁሉ በላፕቶፑ ላይ ተሰልቶ ተቀምጧል። ነጋዴው ጎረቤቴ ደግሞ በጨዋታውም ነጋዴ ነው። ሌላ ነገር ሁን ብለው እንኳ እምቢ ብሎኛል። ሽፍታ መንገድ ላይ ቢወጣበት «ሰላም ነው? ምሳ በልታችኋል?» ብሎ ይጀምርና፣ ወንድሜ ጎራዴውን ሳይመዝ እሱ ከሽፍቶቹ አለቃ ጋር ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ጓደኛዬ ብዙ አትናገርም። የእሷ ሰው መንገድ መሪ ሴት ነበረች። ሁሉም ስለ ጠላት ሲጠይቀኝ እሷ «ሣሩ እርጥብ ነው?» ትላለች። «ወፎቹ ከየት በኩል ነው የሚጮኹት?» ትላለች። መጀመሪያ መልስ አልነበረኝም፤ እያደር ግን ከቤት ስወጣ ስለ ሣርና ስለ ወፍ አስቤ መምጣት ጀመርኩ።

መጽሐፉ የሚያውቀው አገር በረዶ የሚወርድበት፣ ድንክዬዎች በተራራ ሥር ወርቅ የሚቆፍሩበት ነው። ጥቂት ጊዜ ሞከርነው። ነጋዴው በመጨረሻ «ወላሂ፣ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚኬድ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም፤ ዝም ብለን ነው የምንንሸራተተው» አለ። ስለዚህ አገሩን ለወጥነው። የሲራራ ነጋዴዎች ሆንን፤ ጨውና ቡና በበቅሎ ጭነን ከቆላ ደጋ የምንመላለስ። ወንድሜ «የጨዋታው ሚዛን ይፋለሳል» ብሎ ተከራክሮ ነበር። በቆላ ሙቀት የብረት ልብስ የለበሰ ሰው ምን እንደሚሆን ስጠይቀው ግን ሄዶ ሁለት ገጽ ሕግ ጽፎ መጣ፤ ስለ ላብና ስለ ውሃ ጥም። እስካሁን የምንጠቀምበት ምርጥ ሕግ ነው። ሕግ የሚወድ ሰው ጠረጴዛ ላይ በረከት መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት፤ የሚወደው ነገር ላይ ሥራ ከሰጡት።

የምንቀመጠው አትላስ አካባቢ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ ነበር፤ መስኮቱ አጠገብ፣ ማኪያቶና የጾም ኬክ ይዘን። አስተናጋጁ መጀመሪያ ዳይሱን ሲያይ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ፣ እዚህ ቁማር አይፈቀድም» አለን። ገንዘብ እንደሌለበት ለማሳመን ትንሽ ጊዜ ወሰደብን። ከዚያ በኋላ ትሪውን ይዞ ሲያልፍ «ሽፍቶቹ ለቀቋችሁ?» እያለ ይጠይቀን ጀመር።

መንገድ መሪዋ የሞተችው እዚያ ካፌ ውስጥ ነው።

ክረምት ነበር፣ በታሪኩም በውጭም። ሲራራው ወንዝ እየተሻገረ ነው። በቅሎዎቹ ተሻግረዋል፣ ጠባቂው ተሻግሯል፣ ነጋዴው ተሻግሯል። የመጨረሻው ተሸካሚ ግን መሐል ላይ ውሃ ያዘው። ይህ ተሸካሚ የማንም አልነበረም፤ ሲራራው ሰው እንዲመስል እኔ የጨመርኩት፣ ሁለት ቃል እንኳ ያልተናገረ ሰው ነው። ጓደኛዬ «እመለሳለሁ» አለች።

«ገመዱ ይበጠሳል» አላት ወንድሜ። «ስሌቱ አያዋጣም።»

«አውቃለሁ። እመለሳለሁ።»

ጣለች። ተሸካሚውን ገፍታ ወደ ዳር አደረሰችው። ለመውጣት ደግማ ጣለች፤ ዳይሱ ላይ አንድ ወጣ። መጽሐፉ እንዲህ ሲሆን አንድ የመጨረሻ ዕድል ይሰጣል። ጣለች። እሱም ትንሽ ሆነ።

ዓመት ሙሉ አብራን የሄደች ሰው ናት። እኔ ወዲያው «ጠረጴዛው ተነቃንቋል፤ እንደገና ጣዪው» አልኩ።

«አልተነቃነቀም» አለ ወንድሜ። ፊቱ ተለውጦ ነበር፣ እሱም አዝኗል፤ ግን «የወጣው ወጥቷል። ይህን ካነሳን ከዚህ በፊት የጣልነው ሁሉ ውሸት ነው» አለ።

ነጋዴው ብድግ አለ። «ሰው ለጨዋታ ነው ወይስ ጨዋታ ለሰው? ምን ዓይነት ሰው ነው እህቱን ውሃ ሲወስዳት ቁጥር የሚያነብ? እኔ ገመድ አለኝ፣ በቅሎ አለኝ፣ ጭነቴን ሁሉ እጥላለሁ፤ አውጧት!»

ወንድሜና እሱ ሲነታረኩ ጓደኛዬ ዳይሱን አንስታ መሐል አኖረችው። «ተዉት» አለች። «ሞታለች። ሥራ ቦታ እንደገና ልጣል የሚል ሰው የለም። እዚህም አትበሉኝ።»

ነጋዴው ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ሳምንቱን ሙሉ በሱቁ በር ሳልፍ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ስለ ቅዳሜ ግን ቃል አይተነፍስም። እኔም አልጠየቅሁትም። ጨዋታችን አለቀለት ብዬ ነበር።

በዚያው ሰሞን የካፌው መንገድ ለሥራ ታጠረ፤ ቆርቆሮ ዙሪያውን ቆሞ መግቢያው ጠፋ። ሌላ ቦታ እስክናገኝ ቤት ኑ አልኳቸው። እኔና ወንድሜ ከእናታችን ጋር ነው የምንኖረው። እማዬ ከሆሳዕና ወጣት ሆና ነው የመጣችው፤ ዕድሜዋን ሁሉ ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ ወጥታለች። ጸሎት ቤቷንና እድሯን አታጓድልም። በሰፈሩ ሰው ሲሞት መርዶ እንዲነግሩ ከሚላኩት አንዷ እሷ ናት፤ ሰው ስታቅፍ አይወድቅባትም ይሏታል። ስለ ጨዋታችን የምታውቀው «ቅዳሜ ካፌ ይገናኛሉ» የሚለውን ብቻ ነው። ዳይስ ቁማር ይመስላታል ብለን አንዴም አላሳየናትም።

ያን ቅዳሜ ጓደኛዬ ቀድማ መጣች። ወንድሜ መጽሐፉን ይዞ ሳሎን ተቀመጠ። ነጋዴው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ግን በሩ ተንኳኳ። ቆቡን እያስተካከለ ገባና ጓደኛዬን አየት አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሬሳዋስ ተገኘ?» አለ።

መታረቂያው መሆኑ ገባን። ወንድሜ በቁም ነገር «ወንዙ ወስዶታል፤ ታች ድረስ ወርደን ፈልገናል» አለው።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው» አለ ነጋዴው። «ገመዱን ሁለት እጥፍ ማድረግ ነበረብን።»

እማዬ ወጥ ቤት ነበረች። ሳናስበው ነጠላዋን ለብሳ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ገባች። ፊቷ ልክ ለቅሶ ቤት ስትገባ የሚሆነው ሆኗል። በቀጥታ ጓደኛዬ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና አቀፈቻት።

«ጌታ ያጽናሽ፣ የኔ ልጅ። እንዴት ሳትነግሩኝ? ምንሽ ነበረች?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞረች። ወንድሜ መጽሐፉን ያያል። ነጋዴው መሬት ያያል። እኔ ነኝ የተናገርኩት። «እማዬ፣ እውነተኛ ሰው አይደለችም። ጨዋታ ነው። ተረት ነው የምንጫወተው፤ በተረቱ ውስጥ ነው የሞተችው።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም፤ አልሳቀችም። እጇን ከጓደኛዬ ትከሻ ሳታነሳ አንድ በአንድ አየችን።

«ታዲያ ለሌለች ሰው ነው ፊታችሁ እንዲህ የጠቆረው?»

«አብራን ብዙ ሄዳለች፣ እናቴ» አላት ነጋዴው።

«እሺ። የማን ልጅ ናት?»

ጓደኛዬን አየኋት፤ ራሷን ነቀነቀች። የመንገድ መሪዋ ጉልበት፣ ፍጥነት፣ የዓይኗ ጥራት ሁሉ በቁጥር ተጽፏል። እናትና አባቷን ግን ማናችንም አላሰብንም።

«እናት አላት?» አለች እማዬ።

«አላት» አለች ጓደኛዬ፣ በዚያች ቅጽበት ወስና። «ደጋ ላይ። የመንገዱ መጨረሻ።»

«እና እናቷ ሰምታለች?»

ወንድሜ መጽሐፉን መግለጥ ጀመረ። ልማዱ ነው፤ ሲጨንቀው ገጽ ይገልጣል። የሕግ መጽሐፍ ስለ ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ገጾቹ በምን በምን ላይ እንደዋሉ ይቁጠር እላለሁ እኔ። የእኛው ለሰይፍ፣ ለቀስትና ለመርዝ ምዕራፍ በምዕራፍ ላይ አለው። ስለ መሞት በጥንቃቄ ተጽፏል። ከሞት በኋላ ግን አዲስ ሰው ፍጠርና ቀጥል ነው የሚለው። ወንድሜ ገልጦ ገልጦ ዘጋው።

«እንግዲያው ሄዳችሁ ንገሯታ» አለች እማዬ። «ግን ዘው ተብሎ አይገባም። መጀመሪያ ለጎረቤት ይነገራል፤ የሚይዛት ሰው ይኑር። ከዚያ በማለዳ፣ ከቤት ሳትወጣ። ብዙ ሆናችሁ። የሚናገረው ግን አንድ ሰው ነው። ማን ነው?»

«ጠባቂው» አለ ነጋዴው፤ ወንድሜን ሳያይ። በክፋት አይመስለኝም።

በጨዋታው ሕግ ተጫዋች የሌለውን ሰው ሁሉ የምሆነው እኔ ነኝ፤ ሽፍታውንም፣ ባለ ቤቱንም፣ ተሸካሚውንም። ስለዚህ እናቲቱም እኔ መሆን ነበረብኝ። ልጀምር ስል እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔ እሆናለሁ» አለች። «እናንተ ውጡና ግቡ።»

እውነትም ሦስቱ ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ተመለሱ። ወንድሜ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እንደምን አደሩ» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን ደህና ገባችሁ፤ መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ደህና ነበር።»

«ወንዙ ሞላ ሲሉ ሰምቼ ዕረፍት አልነበረኝም። በቅሎዎቹ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

«ልጄስ? ኋላ ቀረች አይደል? ወንዝ ስትሻገር ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯ እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ትድረስ፣ እንጠብቃት።»

ጓደኛዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መንገድ መሪዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ስታደርቅ ለእኔም ታየችኝ፤ ዓመት ሙሉ ሳላያት።

ወንድሜ ዳይሱ ወዳለበት ተመለከተ። ሲከብደው ማሳመን መቻል አለመቻሉን ዳይስ ጥሎ ማወቅ ይችላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፤ አይሆንም አልኩት በዓይኔ።

«እማዬ» አለ። እንደ ጠባቂው ይሁን እንደ ራሱ እስከ ዛሬ አልነገረንም። «አንድ ሰው ውሃ ይዞት ነበር። እሷ ተመለሰችለት። እኔ አትመለሺ ብያት ነበር። ሰውየው ወጣ። እሷ አልወጣችም።»

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ብዙ መርዶ የነገረች ሴት ድምፅ ባልሆነ ድምፅ ጠየቀች፦

«ሰውየው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«አምጡልኝ። ልየው።»

ነጋዴው በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር ሳይከራከር የሰጠበትን ቀን አላስታውስም። ያን ቀን ግን «በቅሎዋ የእርስዎ ናት፣ ከነጭነቷ፤ በር ላይ አስሬያታለሁ» አለ። ያ ወሬኛ ሰው ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ እማዬ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳችና ሳቀች፤ ዓይኗ እርጥብ ነበር። «በሉ ተነሱ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ» አለች። ነጋዴው እንደሚመጣ አስባ ሥጋ አልሠራችም፤ ቆጮ በጎመንና በአይብ ነበር። ወንድሜ እንደዚያ ሲበላ አይቼው አላውቅም። ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዳይስ አየችና አነሳችው። እኔና ወንድሜ ተያየን።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ዕጣ ነው» አላት ነጋዴው ፈጠን ብሎ። «እርግጠኛ ባልሆንን ጊዜ።»

አገላብጣ አየችው። «ዛሬ አላስፈለጋችሁም» ብላ መለሰችው። ቁማር የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እስካሁንም አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ዳይስ ጣሉ እንጂ ብዙ አታውሩ ሲለኝ፣ ወይም ዳይሱን ትታችሁ አውሩ ሲለኝ፣ ሁለቱንም አልቀበልም። ያን ቀን ያለ ዳይስ አሳምረን ተጫወትን። ግን ዳይሱ ባይኖር መንገድ መሪዋ ባልሞተች ነበር፤ እኔ ለስላሳ ልቤን ይዤ አድናት ነበር፤ እናቷም ባልኖረች። እንደገና ጣዪው ያልኩት ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ደስ ብሎን ረስተናት ነበር። ወንድሜ የወጣው ይጽና ማለቱ ትክክል ነው። ነጋዴውም ቁጥር ብቻ አይበቃም ማለቱ ትክክል ነው። ለመታረቅ አንዳቸው መሸነፍ አላስፈለጋቸውም፤ አብረው ቆጮ በሉ።

ወደ ሕጋችን አንድ ነገር ገባ። አዲስ ሰው ሲፈጠር፣ ጉልበቱና ፍጥነቱ ከመቆጠሩ በፊት፣ ተጫዋቹ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ባትመለስ መርዶ የሚነገረው ለማን ነው? ወንድሜ ለዚህ መልስ ነጥብ እንስጥ ብሎ ነበር፤ ብዙ ዘመድ ላለው ብዙ ነጥብ። ሦስታችንም ጮኽንበትና ተወው። ጓደኛዬ አዲስ ሰው ፍጠሪ ስንላት አልፈጠረችም። ያን ከወንዝ የወጣውን፣ ሁለት ቃል ያልተናገረውን ተሸካሚ ስጡኝ አለች። አሁን ይናገራል፤ መንገድ ይመራል፤ በየጉዞው መጨረሻ ደጋ ወጥቶ ለአንዲት እናት እንጨት ይፈልጣል።

ዘንድሮ ጓደኛዬ ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ደርሷት ገብታለች፤ የምንጫወተው እዚያ ነው። ሊፍቱ አልተጀመረም፤ ከጎናችን ያለው ሕንፃ ገና እየተሠራ ነው፤ መስኮት ከከፈትን ሲሚንቶ ይገባል፣ ከዘጋን ይሞቃል። እማዬ ደረጃውን እያረፈች ትወጣለች። ቋሚ ሰው መሆን አትፈልግም፤ «እንግዳ ነኝ» ትላለች፤ የሚመቻትን ሆና አንድ ከሰዓት ትጫወትና ትሄዳለች።

ባለፈው ቅዳሜ የኬላ ጠባቂ ሆነች። እኔ ከኬላው ማዶ አንድ ትልቅ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ የተተወ ከተማ፣ ካርታው ሳይቀር በእጄ የተሳለ። ነጋዴው ወደ ኬላው ቀረበና በለመደው አፉ ጀመረ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በቅሎዎቹ ድካም፣ ስለ ዝምድና።

«የማን ዘመድ ነህ?» አለችው።

ተናገረ። ትውልድ ቆጠረ። እሷ ጂኦግራፊ ያስተማረች ሴት ናት፤ «እዚያ ወንዝ የለም» አለችው፣ «እዚያ መንደር ቆላ አይደለም» አለችው፣ እየመለሰች ወደ ቀረጡ አመጣችው። ወንድሜ ጎራዴውን ረስቶ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ተሸካሚው ጭነቱን አውርዶ ተቀመጠ።

«እናቴ፣ እርስዎ ሱቅ ቢከፍቱ እኔ ዘግቼ እገባለሁ» አለ ነጋዴው በመጨረሻ።

«ቀረጡን ክፈልና እለፍ» አለችው።

ጀንበር ከሕንፃዎቹ ጀርባ እስክትገባ ኬላው ላይ ቆየን። የሳልኩት ካርታ ከቦርሳዬ አልወጣም፤ ደግሞም አልከፋኝም። ጓደኛዬ ሻይ አፈላች፤ ነጋዴው ከአዲስ አቅጣጫ ሌላ ዝምድና ይቆጥር ጀመር።